ከምርጡ የቀሩት

በደብረ ማርቆስ ቴፕ በመጠገን እኔን የሚያክል ሰው አልነበረም። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል፤ ያን ጊዜ የኖረ ሁሉ ይመሰክራል። ከአምበርም ከሉማሜም ሬዲዮና ቴፕ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣልኝ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የራሴ ነው። የሬዲዮን ሆድ ዕቃ የተማርኩት አንዱን አፍርሼ ሌላውን ስሠራ ነው። እንግሊዝኛውን ደግሞ ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ጋር ተፋጥጬ፣ ክረምቱን ሁሉ ሱቄ ውስጥ ጋቢ ተከናንቤ፣ ማንም ሳይረዳኝ አወቅሁት።

ካሴቱ እጄ የገባው በሰማንያዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። የአዲስ አበባን መንገድ የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የመኪናውን ቴፕ ነቅሎ አመጣልኝ። ቴፑ ካሴት በልቶ ነበር። ክሩን ሳልበጥስ፣ ሳላጨማድድ፣ እንደ ሐኪም አንጀት ጎትቼ አወጣሁትና በእስክሪብቶ ጠቀለልኩት። ሹፌሩ ቴፑን ሲወስድ ካሴቱን ጠረጴዛዬ ላይ ተወው።

«አንድ ፈረንጅ መኪናዬ ላይ የረሳው ነው» አለኝ። «ልሰማው ብዬ ነበር፤ መኪናዬ ሞተሩ የተሰበረ መስሎኝ ወርጄ አየሁ። አንተው ያዘው።»

ሽፋኑ ጥቁር ሲሆን መሐሉ ላይ የራስ ቅል ተሥሎበታል። ጽሑፉን በመዝገበ ቃላቴ አገላብጬ አነበብኩት። የአንድ የሄቪ ሜታል ባንድ ምርጥ ሥራዎች ስብስብ መሆኑን አወቅሁ። የባንዱን ስም አልጽፈውም። ስሙን ብጽፍ አንባቢ ስሙን ይዞ ነገሩን ይጥለዋል።

መጀመሪያ ስሰማው እኔም ደነገጥኩ። ጊታሩ ናፍጣ ያነሰው የወፍጮ ቤት ሞተር ይመስላል። ከበሮው በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ የሐምሌ በረዶ ነው። ዘፋኙ ደግሞ ከብቱ እህል ገብቶበት ከማዶ ተራራ ላይ የሚጣራ ሰው። ነገር ግን ባለሙያ ነኝና ጥቅሙ ወዲያው ገባኝ። ካሴቱን የሚያዞረው ላስቲክ የላላበት ቴፕ በዝግተኛ ዘፈን ያታልላል፤ ጤነኛ ይመስላል። በዚህ ካሴት ግን ማታለል የለም። ላስቲኩ በጥቂቱ ከላላ ከበሮው ይሰክራል፤ ስፒከሩ ከተቀደደ ጊታሩ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ቴፕ በጠገንኩ ቁጥር መሞከሪያዬ እርሱ ሆነ።

ጎረቤቴ ሻይ ቤት ነበራት። የመጀመሪያው ከበሮ ሲመታ ከበሯ ብቅ ትላለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን እያረዱት ነው?»

«ቴፕ እየፈተንኩ ነው።»

«እኔን ነው የሚፈትኑኝ! እንግዳ ሁሉ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ እኮ!»

ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር፤ ከአንድ ሰው በቀር። ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ሰው ነው።

እርሳቸው የአቋቋም መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም መሪጌታ እንላቸዋለን። ከእኔ ጥቂት ይበልጣሉ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ መቋሚያቸውን እንደያዙ አንድ ቀን ትንሽ ቴፕ ይዘው ገቡ። የሞቱ መምህራቸውን ዜማ የቀዱበት ካሴት አላቸው፤ ቴፑ ግን ድምፁን እየጎተተ አበላሸባቸው።

«መምህሬ በሕይወት ሳሉ እንዲህ እንቅልፋም አልነበሩም» አሉ።

ላስቲኩ ነው። በከተማው ውስጥ መለዋወጫ አልነበረም፤ ሌላ ጠጋኝ ቢሆን አዲስ አበባ ይላኩት ይል ነበር። እኔ ከብስክሌት ካላማዳሪ እንደ ክር ቆርጬ ገጠምኩለት። ከዚያ ልሞክረው ብዬ የራስ ቅሉን ካሴት ከተትኩ። መሪጌታ በድንጋጤ ይወጣሉ ብዬ ስጠብቅ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጥቂት ቆይተው መቋሚያቸው መሬቱን መምታት ጀመረ። እርሳቸው የሚመቱት አልመሰለኝም፤ መቋሚያው ራሱ የሚመታ ነበር የሚመስለው።

ዘፈኑ ሲያልቅ «ይህ ጽፋት ነው» አሉ።

በማኅሌት ዜማው በዝግታ ተነሥቶ፣ እየፈጠነ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ በጭብጨባና በከበሮ ሲጋጋል ጽፋት ይባላል። መሪጌታ በዚያ ጩኸት ውስጥ የሰሙት ያንን ነው።

«ይህ እኮ ዘፈን ነው መሪጌታ፤ ያውም የፈረንጅ።»

«ዘፈን መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ከበሮ ግን ከበሮ ነው። መቺው ተምሯል። መምህር አለው።» ሽፋኑን አንሥተው ከዓይናቸው አስጠጉት። «ይህ የአዳም ራስ ቅል ነው። ቀራንዮ፣ ከመስቀሉ ሥር የሚሣለው። መስቀሉን ምን አደረጉት?»

«አልሣሉትም።»

«እንግዲያው ሥዕሉ አላለቀም» ብለው መለሱልኝ። «ይህስ ጽሑፍ ምን ይላል?»

«ምርጥ ሥራዎች ይላል። ብዙ ዘፈን አላቸው፤ ከዚያ ውስጥ ምርጡ ተለቅሞ የወጣበት ነው።»

«ማን መረጠው?»

እኔ ሁሉን አውቃለሁ፤ ይህን ግን አስቤው አላውቅም ነበር። «ካሴቱን የሚያሳትመው ኩባንያ ይሆናል» አልኩ።

«ኩባንያ ዜማ ያውቃል?»

ወዳጅነታችን በዚያ ጥያቄ ተጀመረ። ከትምህርት በኋላ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ይመጡና ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እኔ እየሠራሁ ካሴቱን እንሰማለን። አንድ የእርሳቸው ባልደረባ በደጅ ሲያልፍ «መሪጌታ፣ ማኅሌቱ ከዚህ ተጀመረ እንዴ?» ብሎ ወረፋቸው። እርሳቸውም ሳይነሡ «ይሻላል፤ እዚህ ወንበር አለ!» አሉት።

በምንም ተስማምተን አናውቅም። እኔ የምወደው የመጀመሪያውን ገጽ መክፈቻ ነበር፤ ፈጣኑን፣ ሳያስጠነቅቅ የሚገባውን። እርሳቸው የሁለተኛውን ገጽ መጀመሪያ ይወዳሉ፤ በአንድ ጊታር ለቅሶ የሚመስል ነገር ተጀምሮ፣ ቆይቶ ቆይቶ የሚፈነዳውን።

«የአንተው ወሬኛ ነው» ይሉኛል። «ሳይጠየቅ ይናገራል።»

«የእርስዎ ደግሞ ተኝቷል።»

«አልተኛም፤ እያደባ ነው። አንተ የሚያደባውንና የሚያንቀላፋውን አትለይም።»

«እኔ ነኝ ድምፅ የማልለይ? እኔ? የከተማውን ስፒከር ሁሉ በጆሮዬ የማውቅ?»

«ስፒከሩን ታውቃለህ። ዜማውን ግን ተሳስተሃል።»

በዚያ ከተማ «ተሳስተሃል» የሚለኝ ሰው ሌላ አልነበረም። ደንበኞቼ ይፈሩኛል፤ ቴፓቸው እጄ ላይ ነው። ልጆቼ ያከብሩኛል። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እሺ» ብላ የራሷን ታደርግ ነበር። መሪጌታ ግን ፊት ለፊት ተሳስተሃል ይሉኝና ለምን እንደተሳሳትኩ እስኪመሽ ያስረዱኛል። እኔም እንዳልተሳሳትኩ አስረዳቸዋለሁ። ሲሄዱ ሁለታችንም ያሸነፍን ይመስለናል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አይመጡም። በዚያ ጾም በቤተ ክርስቲያን ከበሮ አይመታም፤ ጸናጽልም ይሰቀላል። ከበሮ በቤቱ ዝም ባለበት ወራት የፈረንጅ ከበሮ አልሰማም ብለው ሱቄን አይረግጡም። በመንገድ ሲያገኙኝ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። ትንሣኤ ባለፈ ማግስት ግን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። እኔም ያን ወንበር በጾሙ ወራት ለማንም አልሰጥም ነበር። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል።

አንድ ቀን መሪጌታ አዲስ ነገር ይዘው መጡ። ሌሊት ሲያስቡበት አድረዋል።

«ጾመ ድጓን ታውቃለህ?»

«ድጓ የዓመቱ የዜማ መጽሐፍ ነው፤ ጾመ ድጓ ከዚያ ውስጥ የጾሙ ብቻ የወጣው ነው» አልኩ። ይህን የሚያውቅ የቴፕ ጠጋኝ ይፈለግ!

«ጎበዝ። እንግዲህ ይህ ካሴት ጾመ ድጓ ነው። ከትልቁ ወጥቷል። የእኔ ይሻላል የእኔ ይሻላል እያልን የምንጣላው ሌላ ሰው ለቅሞ በሰጠን ላይ ነው። ምናልባት ከሁሉ የሚበልጠውን ጥሎት ይሆናል። ድጓውን አምጣ።»

እውነታቸውን ነበር፤ ለእርሳቸው ፊት ለፊት ባላምንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሹፌሮች ሁሉ አደራ ማለት ጀመርኩ። አዲስ አበባ ካሴት ቤት ገብታችሁ፣ የዚህን ባንድ ትልቁን፣ ይህ የወጣበትን፣ ሁሉም ያለበትን ካሴት አምጡልኝ። ሽፋኑን እንኳ አሳያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ሹፌር ያንኑ ካሴት በሌላ ሽፋን አመጣ። ሁለተኛው ሌላ የምርጦች ስብስብ አመጣ፤ ዘፈኖቹ እነዚያው ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ተለውጧል። መሪጌታ እርሱንም ሰምተው «አሁን ደግሞ የአንተን ወሬኛ መጨረሻ ላይ አስቀመጡት፤ አፉን ዘጉት» ብለው ሳቁብኝ። ሌላው ሹፌር ባዶ እጁን መጣ።

«ሻጩ ሳቀብኝ» አለ። «ሁሉም ያለበት የሚባል ካሴት የለም አለኝ። ሰውየው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል ወይ አለኝ።»

«የማታውቀው አንተ ነህ በለው» አልኩት።

ሁለታችንም አንድ ትልቅ መጽሐፍ አለ ብለን ነበር የምናምነው። አንድ ባንድ አንድ ድጓ። ከዓመት ዓመት እየተጻፈ፣ አንድ ቦታ ተጠርዞ የተቀመጠ፣ ምርጡ ከእርሱ የተቀዳ። የዜማ ነገር ለእኛ ሌላ መልክ አልነበረውም።

ከዚያ የመሪጌታ ባለቤት ታመሙና አረፉ። ልጅ አልነበራቸውም። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ መሪጌታ መምጣታቸውን አላቆሙም፤ ክርክራቸው ግን ከሳ። «ተሳስተሃል» ይሉኝና ለምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ዝም ይላሉ። እኔም ሆነ ብዬ የማላምንበትን እየተናገርኩ ልቆሰቁሳቸው እሞክራለሁ።

በቀጣዩ ዓመት ዐቢይ ጾም ተጋምሶ ሳለ ከሰዓት በኋላ ቀና ስል በሬ ላይ ቆመዋል። በጾም መጥተው አያውቁም። ቴፑን አጠፋሁ፤ እርሳቸው ግን ሊሰሙ እንዳልመጡ ከአቋቋማቸው ያስታውቃል። ወንበሩንም አልተቀመጡበትም።

«ልሄድ ነው» አሉ። «ልመነኩስ ነው።»

«የት?»

«ከቁይ ወዲያ ገዳም አለ።»

  ከአፌ የወጣው «ድጓውን ሳንሰማ?» የሚል ነበር።

መሪጌታ ፈገግ አሉ። «ብታገኘው አንተ ስማው» አሉኝና መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ጎረቤቴ ሻይ ልስጥዎ ብላ ስትጠራቸው እሰማለሁ። ቆመው አልጠጡም።

ዓመታት አለፉ። ካሴት በሲዲ ተተካ፤ ሲዲው ደግሞ ሳይለመድ አረጀ። ቴፕ የሚያስጠግን ጠፋ። እኔም ሱቄን ወደ ቴሌቪዥንና ዲሽ አዞርኩት፤ በዚያም ቢሆን ከማንም አላነስኩም። ወንበሩ በቦታው አለ። ጾሙ ሲያልፍ ለጥቂት ቀን በር በሩን የማየት ልማድ አልተወኝም።

አንድ ቀን ጎረቤቴ ሻይ ቤቷን ዘግታ ለአንዲት ወጣት አከራየች፤ ወጣቷም ሞባይል ቤት ከፈተች። በስልክና በፍላሽ ዘፈን ትጭናለች። ካሴቴን ይዤ ገባሁና የምፈልገውን ነገርኳት። ኮምፒውተሯን ነካካች።

«አባባ፣ የትኛውን ነው የሚፈልጉት? ብዙ አልበም ነው ያላቸው።»

«ሁሉም ያለበትን ትልቁን።»

«እንደዚያ የሚባል የለም። በየጊዜው ያወጡት ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ነው። ይህ የእርስዎ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ተወስዶ ነው።»

ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ድጓ የለም። አንድ መጽሐፍ የለም። ስንት ሹፌር ያደከምኩት በሌለ ነገር ነው። የመጣልኝ የመጀመሪያ ሐሳብ ይህን ለመሪጌታ ልንገራቸው የሚል ነበር።

«ሁሉንም ጫኚልኝ» አልኳት።

ያን ወር ሌላ ነገር አልሰማሁም። ከመጀመሪያ አልበማቸው ጀምሬ በተራ ሰማሁ። ልጆች ሳሉ፣ ሲጎለምሱ፣ ሲጣሉ፣ ከበሮ መቺው ሲለወጥ፣ ሁሉንም በጆሮዬ ለየሁት፤ ማንም አልነገረኝም። ምርጡን የመረጠው ሰው ብዙውን በትክክል መርጧል፤ ይህን ለኩባንያው እመሰክራለሁ። ነገር ግን ከቀሩት መካከል አንድ ነበረ። ገና ጀማሪ ሳሉ የቀዱት ነው። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ዘፋኙ ከፍ ሲል ጉሮሮው ይሰነጠቃል። በዝግታ ይነሣል፤ እጅግ በዝግታ። ሊፈነዳ ነው ስትል ይመለሳል። እንደገና ሊፈነዳ ነው ስትል ይመለሳል። እኔ አልወደድኩትም፤ ሰነፍ ነው አልኩ። እንዲህ ባልኩበት ቅጽበት ግን መሪጌታ ምን እንደሚሉኝ ቃል በቃል ሰማሁት። ይህ ነው፣ የጣሉት ይህ ነው፣ አላልኩህም? ይሉኛል። ክርክሩ ተሰናድቶ ተቀምጧል። የጠፋው ተከራካሪው ነው።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ ተነሣሁ። ፍላሽ የሚሰካባት ትንሽ የቻይና ስፒከር አለችኝ፤ እርሷን በኮቴ ኪስ ከተትኩ። ሉማሜ ወርጄ ሻይ ጠጣሁና ቁይ የሚሄድ መኪና ያዝኩ። ከቁይ በኋላ በእግር ነው። በዚያ ዕድሜዬ ዳገቱን ሳላርፍ ወጣሁት፤ ከእኔ ጋር የነበሩት ጎልማሶች ሁለት ጊዜ ተቀምጠዋል።

በረኛው ከገዳሙ ደጅ፣ ከወይራ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ጠብቅ አለኝ። መጡ። ቆባቸውን ደፍተዋል፤ ከስተዋል፤ ጢማቸው ነጭ ሆኗል። ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ «መሪጌታ!» አልኩ።

«መሪጌታስ ሞቷል» አሉኝ እየሳቁ። «ሲመነኩስ ፍትሐት ተፈትቶለታል። አባ በለኝ።»

አባ አልኳቸው። ቃሉ አፌ ውስጥ ልኩ እንዳልሆነ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሆነብኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ጎረቤቴ ጠየቁኝ። መለስኩ። ከዚያ መታገሥ አልቻልኩም።

«አባ፣ ድጓው የለም። ተሳስተን ነበር። አንድ መጽሐፍ አልነበረም፤ ብዙ ናቸው። ሁሉንም ሰማሁ። ከምርጡ የቀረ አንድ አለ፤ እርስዎ የሚሉት ዓይነት ነው።» እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ።

«አታውጣው» አሉ።

«ጾም አይደለም እኮ።»

«ለእኔ ዓመቱ ሁሉ ጾም ነው።»

እጄን መለስኩ። ግን እኔ በቀላሉ የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። «እንግዲያው በቃል ልንገርዎ» አልኩ። ዝም አሉ። ዝምታቸውን እሺ አልኩት። እንዴት እንደሚጀምር፣ ጊታሩ እንዴት ብቻውን እንደሚያለቅስ፣ ድምፁ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ነገርኳቸው። ከበሮው ጋ ስደርስ ቃል አልበቃኝም። ጉልበቴን በመዳፌ መታሁ። በዝግታ መታሁ፤ ወደ ፍንዳታው ወሰድኩት፤ መለስኩት። እንደገና ወሰድኩት።

ቀና ስል አባ በግራ እጃቸው የቀኝ እጃቸውን ጣቶች ጨብጠው ይዘዋል። ጥፍራቸው እስኪነጣ ድረስ።

«በቃ» አሉ።

አቆምኩ። ከዚያ ደወል ተደወለ፤ እርሳቸውም ተነሡ። ትከሻዬን ነካ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«አትምጣ አልልህም። መምጣቱን ብትተው ይከፋኛል። ስትመጣ ግን ያን ነገር ቤትህ ትተኸው ና። በኪስህም በአፍህም።»

ያን ቀን ወደ ቁይ ስወርድ አዝኜ ነበር ማለት አልችልም። ያ የተጨበጠ እጅ እንደ ድሮው መቋሚያ ሊመታ ያለ እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰነፍ ዘፈን እንዳልሆነ መለሱልኝ፤ ያለ ቃል መለሱልኝ። ክርክሩን አሸነፉኝ ብዬ፣ ያውም ደስ ብሎኝ፣ መኪና ላይ ተሳፈርኩ።

በዓመቱ ተመልሼ ሄድኩ። እንዳሉኝ ስፒከሯን ቤት ትቼ፣ በአፌም ምንም ሳልይዝ ሄድኩ። ከወይራው ሥር ተቀመጥን። ክረምቱ ዘንድሮ ቶሎ ወጣ አልኩ፤ ልክ ነህ አሉ። ገብሱ ግን መልካም ነው አልኩ፤ እውነት ነው አሉ። ሆነ ብዬ የቁይ መንገድ ከሉማሜው መንገድ ይሻላል አልኩ፤ እንደማይሻል ማንም ያውቃል። እርሳቸው ግን ዓይናቸውን በርኅራኄ ወደ እኔ መልሰው «ይሻላል ልጄ» አሉኝ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም።

እስኪደወል ድረስ በተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበርኩ። ሲሄዱ ቆሜ ተመለከትኳቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው ተሳስተሃል ይሉኝ እንደሆነ ብዬ፣ ከጥላው ወጥቼ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። አልዞሩም። መኪናው እንዳያመልጠኝ ቁልቁለቱን ጀመርኩ።